የእንግሊዝኛ ርእሰ ዜና ቋንቋና የተርጓሚው ዕዳ

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው በትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ አይደለም። በገጹ ራስ ላይ በጉልህ ፊደል ታትሞ የሚያየው ሌላ ዓይነት አነጋገር ነው፤ ግሡ ጊዜውን አይናገርም፤ ስሞቹ ያለ ማያያዣ ተደርድረዋል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ በሥርዓተ ነጥብ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ከልጅነቱ ስለ ለመደው የጎደለውን በሐሳቡ እየሞላ ያነበዋል። ቋንቋውን በትምህርት ያገኘው አንባቢ ግን፣ በተለይም ያነበበውን ወደ አማርኛ መልሶ ለሌላው የማድረስ ግዴታ ያለበት ተርጓሚ፣ በዚህ ስፍራ በቀላሉ ይሰናከላል። የውጭ አገር ዜና ወደ አማርኛ ዝግጅት ክፍሎች የሚደርሰው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የተርጓሚው መሰናከል የእርሱ የግሉ ጉዳት ሆኖ አይቀርም፤ ለአንባቢው ሁሉ ይተርፋል።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛን ርእሰ ዜና አሠራር መርምረን የሚመሰገነውን ከሚነቀፈው ለመለየት፣ በመጨረሻም ለተርጓሚውና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ የሚበጅ ሐሳብ ለማቅረብ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን የምንጽፈው ድምፁን ለማሳየት ያህል ነው።

ስለ ስያሜው

አስቀድመን ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛው «ሄድላይን» ሲል «የራስ መስመር» ማለቱ ነው፤ ግእዙም «ርእስ» ሲል ራስ ማለቱ ስለ ሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ምሳሌ ተገናኝተዋል። በአማርኛ የተለመደው «አርእስት» በግእዝ የ«ርእስ» ብዙ ቁጥር ሲሆን በአማርኛ ግን ለአንዱም ለብዙውም ይነገራል። በዚያም ላይ በሰዋስው ትምህርት የግሥ አርእስት የሚባሉ ስላሉ፣ ስለ ግሥ በሚናገር የሙያ ጽሑፍ ውስጥ ቃሉ ሁለት ሥራ ይደረብበታል። ስለዚህ ለአንዱ «ርእሰ ዜና»፣ ለብዙው «አርእስተ ዜና» ብንል ከሁለቱም ችግር እንድናለን። ሁለተኛው ስያሜ በራዲዮና በቴሌቪዥን ከተለመደ የቆየ ስለ ሆነ፣ አንባቢን አዲስ ቃል የምናስለምደው አይሆንም።

የአሠራሩ ምንጭ

የእንግሊዝኛ ርእሰ ዜና ሁልጊዜ እንደ ዛሬው አልነበረም። ኒው ዮርክ ታይምስ በኤፕሪል 15 ቀን 1865 የፕሬዚዳንት ሊንከንን መመታት ሲያስታውቅ በላይኛው መስመር ያሰፈረው «አስከፊ ድርጊት» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። የሆነው ምን እንደ ሆነ አንባቢው የሚረዳው ከዚያ በታች ደረጃ በደረጃ ከተደረደሩት ንኡሳን መስመሮች ነበር። ያው ጋዜጣ በኤፕሪል 16 ቀን 1912 ስለ ታይታኒክ መርከብ ሲጽፍ ግን «ታይታኒክ ሲንክስ» ብሎ በስምና በግሥ ጀመረ፤ መርከቢቱ የበረዶ ተራራ ከገጨች ከአራት ሰዓት በኋላ መስጠሟንም በዚያው መስመር ጨመረ። ሰዓቱ በኋላ ሲጣራ ከሦስት ሰዓት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የአጻጻፉ መለወጥ ነው። ርእሱ የጽሑፉ መጠሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ዜና ነጋሪ ሆነ። ይህ ለውጥ በሁሉም ዘንድ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ የለንደኑ ዘ ታይምስ እስከ ሜይ 3 ቀን 1966 ድረስ የመጀመሪያ ገጹን ለማስታወቂያ ትቶ ዜናውን በውስጥ ገጽ ሲያወጣ ኖሯል።

ርእሱ ዜና ነጋሪ ከሆነ በኋላ ትልቁ ገዥው የዐምዱ ጥበት ነበር። ጋዜጣ በብረት ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን ከዐምዱ ስፋት የሚያልፍ ርእስ ሊቀመጥ አይችልም። ርእሱን የሚያወጣውም ዜናውን የጻፈው ዘጋቢ ሳይሆን በአርታኢዎች ጠረጴዛ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ ጋዜጦች ይህ ሰው ፊደላቱን ይቆጥር ነበር፤ ተራው ትንሽ ፊደል እንደ አንድ፣ እንደ «አይ»፣ «ኤል» እና «ቲ» ያሉት ቀጫጭኖች እንደ ግማሽ፣ «ኤም» እና «ደብልዩ» ደግሞ እንደ አንድ ተኩል ይታሰባሉ። «ምርመራ» ለማለት «ኢንቨስቲጌሽን» ብሎ ቢጽፍ 13 ፊደል ይፈጅበታል፤ «ፕሮብ» ቢል ግን 5 ፊደል ይበቃዋል። ስለዚህ የዚህ አጻጻፍ ቃላት የተመረጡት በመጀመሪያ ደረጃ በመጠናቸው ነው፤ ለነገሩ መስማማታቸው የሚታየው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

የሚጎድሉት አራት ነገሮች

የዚህ አጻጻፍ ሰዋስው በምሁራን ሲመረመር ቆይቷል። የስዊሱ ሊቅ ሃይንሪክ ሽትራውማን በ1935 ለንደን ውስጥ በታተመው ጥናታቸው «ብሎክ ላንጉጅ» የሚለውን ስያሜ አቀረቡ፤ ኢንግሪድ ሞርድ ደግሞ በ1980 በስዊድን አገር በሉንድ በታተመው መጽሐፋቸው የእንግሊዝኛ ጋዜጦችን የፊት ገጽ አርእስት ሰዋስው ለብቻው መረመሩ። የሽትራውማንን ስያሜ እኛ «የካብ ቋንቋ» ብንለው ነገሩ ለአገራችን ሰው በዐይኑ የሚታይ ይመስለናል። ካብ ያለ ጭቃ የሚቆም ነውና፣ ድንጋዩን ከድንጋይ የሚይዘው የድርድሩ ብልሃት ብቻ ነው።

ከዚህ ካብ ውስጥ የሚጎድሉት ነገሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የጥቃቅን ቃላት ጉድለት ነው። «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉት ይወድቃሉ፤ የ«ነው» አቻ የሆነው «ኢዝ»ም ይወድቃል። ይህ ለአማርኛ ተርጓሚ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀለዋል፤ ስሙ የታወቀ ወይም ያልታወቀ መሆኑን ከዜናው አካል አንብቦ «ሰውየው» ወይም «አንድ ሰው» ሊል ይችላል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉድለት ነው። ያለፈው ድርጊት በአሁን ጊዜ ግሥ ይነገራል፤ ገና የሚመጣው ደግሞ «ቱ» በሚለው ቃል በሚጀምር ንኡስ አንቀጽ ይነገራል። ራሳችን ምሳሌ ብናዘጋጅ፣ «ቱ ዳይ ኢን ሆቴል ፋየር» የሚለው ርእስ ሁለት ሰዎች በሆቴል ቃጠሎ ሞቱ ማለት ነው። ተርጓሚው የግሡን መልክ ብቻ ተከትሎ «ሁለት ሰዎች በሆቴል ቃጠሎ ይሞታሉ» ቢል የሚናገረው ትንቢት ነው። የእንግሊዝኛው የአሁን ጊዜ ግሥ በርእስ ላይ ነገሩን በአንባቢው ፊት እንደ ትኩስ ድርጊት ለማቆም ሲያገለግል፣ የአማርኛው «ይሞታሉ» ግን ገና ወደሚመጣው ያመለክታል። ለሚመጣው ነገር ደግሞ አማርኛ የራሱ የሆነ የታወቀ መንገድ አለው። «ሚኒስትር ሪዛይንስ» ሲል «ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀቁ»፣ «ሚኒስትር ቱ ሪዛይን» ሲል «ሚኒስትሩ ሥራቸውን ሊለቁ ነው» ማለት ነው። በእንግሊዝኛው መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ትንሽ ቃል ስትሆን፣ በመንግሥት ጉዳይ ላይ ግን የተፈጸመውንና ገና የታሰበውን የምትለይ ናት።

ሦስተኛው የግንኙነት ጉድለት ነው። ስሞች ከስሞች ጋር ያለ መስተዋድድ ይካባሉ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚገዛ፣ የትኛው ቃል ስም፣ የትኛውስ ግሥ እንደ ሆነ አንባቢው ይገምታል። ኮሎምቢያ ጆርናሊዝም ሪቪው የተባለው መጽሔት በ1980 ከአሜሪካ ጋዜጦች የተለቀሙ ስሕተቶችን በመጽሐፍ ሲያወጣ ለመጠሪያነት የመረጠው «ስኳድ ሄልፕስ ዶግ ባይት ቪክቲም» የሚለውን ርእስ ነበር። ሊባል የታሰበው የነፍስ አድን ጓድ ውሻ የነከሰውን ሰው ረዳ ነው፤ ቃላቱ እንደ ተካቡ ሲነበቡ ግን ጓዱ ውሻውን እንዲነክስ ረዳው የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። በ2009 ደግሞ በጃፓን የሚታተም የእንግሊዝኛ ዜና «ቫዮሊኒስት ሊንክድ ቱ ጃል ክራሽ ብሎሰምስ» የሚል ርእስ አወጣ። የታሰበው፣ በ1985 ከደረሰው የጃፓን አየር መንገድ አደጋ ጋር ሕይወቷ የተያያዘ ቫዮሊን ተጫዋች በሙያዋ አበበች ለማለት ነበር። አንባቢዎች ግን የመጨረሻውን ግሥ ስም አድርገው በማንበብ «የአደጋ አበቦች» ምን ይሆኑ ብለው ተደነቁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ አሻሚ ርእስ በእንግሊዝኛ «ክራሽ ብሎሰም» ተብሎ ይጠራል።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው የተናጋሪ ጉድለት ነው። «አለ» ወይም «አሉ» በማለት ፈንታ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ይደረጋል፤ ወይም ያልተረጋገጠው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ይከበባል። በዚህ ዓይነት፣ ጋዜጣው «እኔ አላልሁም፤ ሌላ ሰው ነው ያለው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በአንዲት ምልክት ብቻ ይሰጣል። ምልክቷ በትርጉም ጊዜ ከወደቀች ክሱ ፍርድ ይሆናል።

የሚመሰገንና የሚነቀፍ

ይህን ስንል አጭር መሆኑን በራሱ ልንነቅፍ አይደለም። ኒው ዮርክ ታይምስ በጁላይ 21 ቀን 1969 «ሜን ዎክ ኦን ሙን» ብሎ አወጣ። አራት ቃላት ናቸው፤ ጥቃቅኖቹ ቃላት ወድቀዋል፣ ግሡም በአሁን ጊዜ ነው፤ ሆኖም የተሰወረ ነገር የለም። አድራጊው፣ ድርጊቱና ቦታው በግልጥ ተቀምጠዋል። «አሜሪካውያን» በማለት ፈንታ «ሰዎች» ማለቱም ነገሩን ወደ ተገቢው ከፍታ አወጣው። በአማርኛ «ሰዎች በጨረቃ ላይ ተራመዱ» ብንል እኛም በአራት ቃላት ምንም ሳናጎድል እናደርሰዋለን። ያለ ጭንቀት ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሻገር ርእስ በራሱ ቋንቋም ብዙ ጊዜ የጠራ ነው ብለን እናምናለን።

በአንጻሩ ቺካጎ ዴይሊ ትሪቢዩን በኖቬምበር 3 ቀን 1948 «ዲዊ ዲፊትስ ትሩማን» ብሎ ያወጣውን እንመልከት። በሕትመት ሠራተኞች አድማ ምክንያት ገጹ ቀደም ብሎ መዘጋጀት ነበረበት፤ የድምፁ ቈጠራ ሳይጠናቀቅም የዲዊ ማሸነፍ እንደ ተፈጸመ ነገር ታተመ። ያሸነፉት ትሩማን ነበሩ፤ ያንን ጋዜጣ ከፍ አድርገው ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ ይታያል። ስሕተቱን የወለደው ችኮላ እንጂ ሰዋስው አይደለም። ይሁን እንጂ የርእሰ ዜናው ግሥ ግምትንና የተፈጸመ ነገርን በአንድ ልብስ የሚያለብስ በመሆኑ፣ «ሳያሸንፉ አይቀሩም» ለማለት በዐምዱ ውስጥ ቦታ አልነበረም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው የ1975ቱ ምሳሌ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በዕዳ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በኦክቶበር 29 ቀን ባደረጉት ንግግር፣ ከተማይቱን ከኪሳራ ለማዳን የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ ቢቀርብላቸው እንደማያጸድቁት ተናገሩ። በማግሥቱ ዴይሊ ኒውስ «ፎርድ ቱ ሲቲ፦ ድሮፕ ዴድ» ብሎ አወጣ፤ በእኛ አነጋገር «ድፍት በይ» እንደ ማለት ነው። ፎርድ ይህን ቃል አልተናገሩም። ጋዜጣው የንግግራቸውን መንፈስ በስላቅ መተርጎሙ ነበር፤ የአገሩ አንባቢም ስላቁን ያውቀዋል። ሁለቱ ነጥቦች ግን ቃሉን በፎርድ አፍ ውስጥ አስቀመጡት። ፎርድ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለከተማይቱ ብድር የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1976ቱ ምርጫ ግን በኒው ዮርክ ግዛት ተሸነፉ፤ ያ ርእስም ስማቸው በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። አሁን ይህን የሚተረጉመውን ሰው እናስብ። «ፎርድ ኒው ዮርክን ‹ድፍት በይ› አሉ» ቢል፣ በእንግሊዝኛው ስላቅ የነበረው በአማርኛው ምስክርነት ሆነ። የእኛ «አሉ» እንደ ሁለቱ ነጥቦች አያሾፍም።

የለንደኑ ዘ ሰን በሜይ 4 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ ያወጣውም «ጋቻ» የሚለው ርእስ አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ በጨዋታ መካከል «ያዝሁህ!» እንደ ማለት ነው። ቃሏ የተነገረችው ጄኔራል ቤልግራኖ ስለተባለችው የአርጀንቲና የጦር መርከብ መመታት ነው፤ በዚያች መርከብ 323 ሰዎች ሞተዋል። ጋዜጣው በኋላኞቹ እትሞቹ ርእሱን ለወጠው። እዚህ ላይ ማን እንደ ተናገረ፣ ለማን እንደ ተነገረ፣ ምን እንደ ደረሰ የሚገልጥ አንድም ቃል የለም፤ የቀረው ስሜት ብቻ ነው። አጭርነት ዜናውን በልቶ ስሜትን ሲያስቀር እንነቅፈዋለን።

ከመዝገበ ቃላት አንጻር

የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚማረው አለ። በርእሰ ዜና የሚዘወተሩት አጫጭር ቃላት በተራው እንግሊዝኛ ሌላ ትርጉም አላቸው፤ ይልቁንም አንዳንዶቹ ወደ አገራችን ኑሮ በሌላ በር ስለ ገቡ አንባቢው የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ለናሙና ያህል የሚከተሉትን እናቀርባለን።

«ቢድ»፦ በመሥሪያ ቤቶቻችን ጨረታ ለማለት ይነገራል። በርእሰ ዜና ግን ሙከራ፣ ጥረት።

«ክዊዝ»፦ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አጭር ፈተና። በርእሰ ዜና ፖሊስ ሰውን ለምርመራ መጠየቁ።

«አክስ»፦ መጥረቢያ። በርእሰ ዜና ከሥራ ማሰናበት፤ ዕቅድን መሰረዝ።

«ሄይል»፦ የበረዶ ዝናብ። በርእሰ ዜና ማወደስ፣ ማድነቅ።

«ቶል»፦ በመንገድ ላይ የሚከፈል ቀረጥ። በርእሰ ዜና የሟቾች ቁጥር።

«ራው»፦ «ሮው» ተብሎ ሲነበብ ረድፍ። በርእሰ ዜና «ራው» ተብሎ ሲነበብ ጠብ፣ ውዝግብ።

«ብላስት»፦ ፍንዳታ። በርእሰ ዜና ይህም ሆኖ፣ ግሥ ሲሆን አጥብቆ መንቀፍ።

የመጨረሻው ቃል አደገኛነቱ ግልጥ ነው። «ሚኒስትር ብላስትስ ፖርት ፕላን» የሚል ርእስ ቢገኝ፣ ሚኒስትሩ የወደቡን ዕቅድ ነቀፉ ማለት እንጂ በወደብ ላይ የፈነዳ ነገር የለም። «ስላም» የሚለውም ግሥ በፊደላችን ሲጻፍ «ሰላም»ን ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ክፉኛ መንቀፍ ነው። እንግዲህ እነዚህ ትርጉሞች በየቃሉ ሥር «በርእሰ ዜና» የሚል ምልክት ተሰጥቷቸው ቢገቡ ተርጓሚው በፍለጋ አይደክምም፤ ተማሪውም ቃሉን በደብዳቤው ውስጥ ያለ ቦታው ከማስገባት ይድናል።

የእኛው ፈንታ

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን፣ ይህን አጻጻፍ የወለደው የመጠን ችግር በእኛ ፊደል ዘንድ በዚያው መልክ አለመኖሩን ነው። «ምርመራ» 4 ፊደል ነው፤ ከ«ፕሮብ» አይረዝምም። «ስምምነት» ለማለት እንግሊዝኛው በ9 ፊደል «አግሪመንት» ከማለት ሸሽቶ «ፓክት» ሲል፣ እኛ «ውል» ብለን በ2 ፊደል እንጨርሳለን። «ነቀፈ» 3 ፊደል ሆኖ ሳለ ለነቀፋ የፍንዳታን ቃል የምንበደርበት ምክንያት የለም። የአማርኛ ግሥ ደግሞ ባለቤቱን፣ ቁጥሩን፣ ጾታውንና አክብሮቱን በአንድነት ስለሚይዝ ብዙውን በአንድ ቃል ያስረዳል። ምክንያቱ ከሌለን ውጤቱን ብቻ መቅዳት ትርፉ ምንድን ነው?

እንዲህም ስንል የእኛው አርእስተ ዜና ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይ፣ «ሚኒስትሩ ነገ በምክር ቤቱ ይሰማሉ» የሚል ርእስ ሌላውን ያዳምጣሉ ወይስ ቃላቸውን ይሰጣሉ የሚያሰኝ ጥያቄ ያስነሣል። እንግሊዝኛው ተናጋሪውን በሁለት ነጥብ ሲያሳንስ፣ የእኛው ጋዜጣ ደግሞ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ» እያለ ፈጽሞ ይሰውረዋል። «የእህል ዋጋ እንደሚቀንስ ተገለጸ» ሲባል ገላጩ ነጋዴው ይሁን ሹሙ ከርእሱ አይታወቅም፤ እህል ለሚገዛው ሰው ግን ልዩነቱ ብዙ ነው።

ዛሬ በኢንተርኔት በሚወጣው ጋዜጣ ዐምዱ እንደ ቀድሞው አይጠብም፤ ፊደል የሚቆጥረው አርታኢም ብዙ አያስፈልግም። ሆኖም የካቡ ቋንቋ አልቀረም። በእርሱም ላይ፣ አንባቢው ገጹን እንዲከፍት ብሎ ዋናውን ነገር ሆን ብሎ የሚያስቀር ሌላ ዓይነት ርእስ ተጨምሯል። የድሮው ቦታ አጥቶ ያጎድል ነበር፤ ይህኛው ቦታ ሳያጣ ያጎድላል። ወደ አማርኛም በዚያው መልክ ሲገባ እናያለንና ተርጓሚው ሊነቃ ይገባዋል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ተርጓሚው ርእሱን ሳይሆን ዜናውን አንብቦ ርእሱን ራሱ ያውጣ። ድርጊቱ የተፈጸመ ከሆነ በኀላፊ ጊዜ፣ የታሰበ ከሆነ በ«ሊ … ነው» ያስቀምጠው። የሌላ ሰው ቃል ከሆነ ባለቤቱን በስሙ ወይም በሹመቱ ይጥራው፤ ስላቅ ከሆነም የሰውየው ቃል አስመስሎ አያቅርበው። መዝገበ ቃላት አዘጋጁም የርእሰ ዜናን ትርጉም ለብቻው ይለይ። «ርእሰ ዜና»፣ «አርእስተ ዜና» እና «የካብ ቋንቋ» ስላልናቸው ስያሜዎች፣ በዝግጅት ክፍሎች የሚሠሩም ሆኑ ቋንቋ የሚያስተምሩ አንባቢያን ከሥራቸው ያገኙትን ተቃውሞም ሆነ የተሻለ ቃል ቢያካፍሉን በምስጋና እንቀበላለን።